በሐረጎ ዳገት ላይ የሚቋረጠው መስተንግዶ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የጉዞ ዓምድ ላይ፣ ብዙ ከተሞችን የሚያዳርስ ጉዞ የሚያደርግ ሰው በየደረሰበት ከተማ ሆቴል እያማረጠ ማደር እንጂ ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ የቅንጦት ሆቴል ስም ተወስኖ መጓዙ ገንዘብ ማባከን ነው የሚል አስተያየት አነበብሁ። በአስጎብኚነት ሥራ 19 ዓመታት የቆየሁ የኮምቦልቻ ነዋሪ ስሆን፣ በዚህ ነገር የተለየ ሐሳብ ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ። አስተያየት ሰጪው ስለ ዋጋው የተናገሩት ስሕተት ነው አልልም። ነገር ግን ሰው ለእንዲህ ያለው ሆቴል የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ሳይመረመር የታለፈ መሰለኝ፤ የታለፈው ነገር ደግሞ ለእኛ ለወሎ ከተሞች ትልቅ ቁም ነገር ነው።

አንድ ብራንድ ይዞ መጓዝን የሚያወድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የአባልነት ነጥብን፣ ማለት ሰው ባደረ ቁጥር ሆቴሉ በስሙ የሚመዘግብለትን ነጥብ ነው፤ የሚነቅፉትም የሚነቅፉት ይህንኑ ነው። እኔ ነጥቡ ከክርክሩ ቢወጣ እመርጣለሁ። ማሪዮት የተባለው የሆቴል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ስታርውድ የተባለውን ሌላ የሆቴል ድርጅት ከገዛ በኋላ ሸራተን፣ ሪትዝ ካርልተንና ሴንት ሪጂስን የመሳሰሉ ስሞች በአንድ የአባልነት መዝገብ ሥር ሆነዋል፤ በዚያ መዝገብ በዓመት 10 ሌሊት ያደረ ሰው የብር፣ 25 ሌሊት ያደረ የወርቅ፣ 50 ሌሊት ያደረ ደግሞ የፕላቲነም ደረጃ ያገኛል። እንግዲህ 12 ሌሊት የሚጓዝ ሰው አንዱንም ሌሊት ሳያጓድል በአንድ ብራንድ ቢያድር እንኳ የሚደርሰው ከታችኛው እርከን ላይ ነው። ፎር ሲዝንስና አማንን የመሳሰሉት በጣም ውድ ሆቴሎች ደግሞ የነጥብ መዝገብ ጭራሽ የላቸውም፤ ይሁን እንጂ ከአንዱ ቤታቸው ወደ ሌላው እየተሸጋገሩ የሚያድሩ ደንበኞች አላጡም። ስለዚህ መንገደኛውን የሚይዘው ሌላ ነገር መኖር አለበት፤ ያ ነገር ምን እንደሆነ እኔ የተረዳሁት በአንድ ጉዞ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሁሉ ሰላም በነበረበት ወቅት፣ ውጭ አገር ብዙ ዘመን ኖረው የመጡ ባልና ሚስት አዛውንቶችን ይዤ ለ12 ሌሊት ተጉዣለሁ። ባልየው ተወልደው ያደጉት ደሴ ነው። መካ ደርሰው የተመለሱ ስለሆኑ ሁሉም ሰው ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ኢንሱሊናቸው ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ግራ ጉልበታቸው ደረጃ አያስወጣቸውም። ልጆቻቸው አስቀድመው ከእኔ ጋር ተማክረው፣ በደቡብ በኩል ያለውን ማደሪያ በሙሉ በአንድ ስም በሚተዳደሩ እህትማማች ሆቴሎች ያዙላቸው። ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ ስሙን አልጠራም።

ሐዋሳ በገባንበት ማታ ለእንግዳ ተቀባዩ ልጅ የሐጂን ነገር አንድ በአንድ ነገርሁት፦ ክፍሉ ምድር ላይ ይሁን፣ ፍሪጅ ይኑረው፣ ጉልበታቸውን የሚያሳርፉበት ትርፍ ትራስ ይጨመር፣ ለዉዱ ማንቆርቆሪያ፣ ለሶላት መስገጃ ይቅረብ፣ ቂብላው፣ ማለት ለሶላት የሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ፣ በየት በኩል እንደሆነም ይነገራቸው። ልጁ ያልሁትን በቁራጭ ወረቀት አልጫረም። ኮምፒውተሩ ላይ አስገባና ያጎደለው ነገር ካለ እንድነግረው መልሶ አነበበልኝ። ከሁለት ቀን በኋላ አርባ ምንጭ ደርሰን ክፍሉን ስንከፍት ፍሪጁ ተሰክቶ ቀዝቅዟል፤ ከአልጋው በግራ በኩል ሦስተኛ ትራስ ተቀምጧል፤ ማንቆርቆሪያው መታጠቢያ ቤት፣ መስገጃው ታጥፎ ወንበር ላይ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የቂብላውን አቅጣጫ በቀስት የሚያመለክት ትንሽ ካርድ ቆሟል። ሐጂ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መስገጃውን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ አንተ ነህ የደወልህላቸው?» አሉኝ። አልደወልሁም። ባለቤታቸው ሐዋሳ ትራስ ሥር ረስተውት የመጡት መነጽርም በማግስቱ ከሆቴሉ ሠራተኞች መኪና ጋር መጥቶ በፖስታ ውስጥ ተሰጣቸው።

እኔ በዚያች ቀን የገባኝ፣ ሐጂ የከፈሉት ለፎጣውና ለመዋኛ ገንዳው እንዳልነበረ ነው። መዋኛ ገንዳውን ዞር ብለውም አላዩት። የከፈሉት የሕመማቸውን ታሪክ በየማታው ለማያውቁት ወጣት እንደ አዲስ ላለመናገር ነው። በ70ዎቹ ዕድሜ ላለ ሰው፣ በተለይም ኩሩ ለሆነ ሰው፣ በሰው ፊት ቆሞ «ደረጃ አልችልም» ማለት ቀላል አይደለም።

ከዚያ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሁለት ሌሊት አድረን ወደ ደሴ ተነሣን። በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አድርገን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዝን በኋላ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት የወጣነው በጨለማና በዝናብ ነበር። ደሴ ላይ እንደ ደቡቡ ያለ እህት ሆቴል አልነበረም። ስለዚህ ከከተማው ጥሩ ከሚባሉት አንዱን በስልክ ይዤ፣ ያንኑ ለሐዋሳው ልጅ የነገርሁትን ነገር ሁሉ ተናግሬ ነበር። ስልኩን ያነሣው ሰው በዚያ ማታ ተረኛ አልነበረም፤ ለተተኪው የተወው ማስታወሻም አልተገኘም። የተሰጠን ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ አምፖል እንጂ ሊፍት አያንቀሳቅስም። ሐጂ በተወለዱበት ከተማ፣ በየደረጃው ማረፊያ ላይ ግድግዳ እየያዙና እየቆሙ ሦስት ፎቅ ወጡ፤ እኔ ከኋላቸው ሻንጣ ይዤ ስከተል አንድም ቃል አልተናገሩም።

የከፋው ግን ኢንሱሊኑ ነው። ክፍሉ ፍሪጅ ስላልነበረው አንድ የወጥ ቤት ልጅ «እኔ አስቀምጥላቸዋለሁ» ብሎ በደግነት ተቀበለኝ። ልጁ ቀዝቃዛ ይሁን ስለተባለ በጣም ቀዝቃዛውን ቦታ መረጠና ከሥጋው ጋር ፍሪዘሩ ውስጥ ከተተው። ጠዋት ሲወጣ በረዶ ሆኗል። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ሥራ ላይ እንደማይውል ሐጂ ያውቃሉ፤ እኔም ስለማውቅ ያን ጠዋት ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ስዞር አረፈድሁ። ልጁን አልወቀስሁትም፤ አሁንም አልወቅሰውም። በአንድ መስመር የተጻፈ «ፍሪጅ እንጂ ፍሪዘር አይደለም» የሚል ማስታወሻ ቢደርሰው ኖሮ ከማንም በተሻለ ይጠብቀው ነበር።

እዚሁ ላይ ሳልናገረው ማለፍ የማልችለው ሌላ ነገር አለ። በዚያው ማታ ሐጂ ክፍላቸው ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ በሩ ተንኳኳ። ማተብ ያሰረች የጽዳት ሠራተኛ በአንድ እጇ መስገጃ፣ በሌላው ለብ ያለ ውኃ የሞላ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች። ማንም አላዘዛትም፤ የሽማግሌውን ኮፍያ አይታ ነው። ቂብላውንም በእጇ አመለከተችና «አባቴ፣ ለሱብሂ ውኃ አሙቄ አመጣለሁ» ብላ ሄደች። ሐዋሳና አርባ ምንጭ በኮምፒውተር ተጽፎ የተላለፈውን ነገር ይህች ልጅ ወሎ ውስጥ በማደጓ ብቻ ታውቀዋለች። እኛ ዘንድ የጎደለው እንግዳ ማክበር አይደለም፤ እንግዳውን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ መዝገብ ነው።

አንድ ስም ይዞ የመጓዝ ነገር ለአገራችንም አዲስ አይደለም። የሰሜኑ የታሪክ መስመር ጎብኚዎች በሚበዙበት ዘመን የጎንደሩ ጎሃ፣ የላሊበላው ሮሃና የአክሱሙ የሐ በአንድ የመንግሥት ድርጅት፣ በግዮን ሆቴሎች ሥር ነበሩ። በቅርቡም የኃይሌ ሆቴሎች ሐዋሳ ላይ ጀምረው እስከ አርባ ምንጭና ጎንደር ሲደርሱ፣ ኩሪፍቱም ከቢሾፍቱ ተነሥቶ ባሕር ዳርና እንጦጦ ድረስ ቤት ሠርቷል። በጎረቤት ታንዛኒያ ሴሬና የተባለው ድርጅት በማንያራ ሐይቅ፣ በንጎሮንጎሮና በሴሬንጌቲ ማረፊያዎች ስላሉት አንድ ጎብኚ ያንን የዱር እንስሳት መስመር ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቤት እንግድነት ሊጨርሰው ይችላል። ከሁሉም እኔን የሚማርከኝ ግን የቡታን ነው። አማን በዚያች ተራራማ አገር በፓሮ፣ በቲምፉ፣ በፑናካ፣ በጋንቴና በቡምታንግ ሸለቆዎች አምስት ማረፊያዎች ሠርቶ ሁሉንም አማንኮራ ብሎ ሰይሟቸዋል፤ «ኮራ» በአገሬው ቋንቋ ለአምልኮ የሚደረግ የዙረት ጉዞ ነው። እንግዳው ከሸለቆ ሸለቆ ሲዞር ቤቱ አንድ ነው፤ አየሩ፣ መስኮቱና ገዳሙ ግን ይለያያል። በፑናካና በጋንቴ ያሉት ማረፊያዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ክፍል ብቻ ነው ያላቸው። ስምንት ክፍል ያለው ቤት ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል።

ይህን ስል ማንም ሰው በማንኛውም ቦታ አንድን ስም የሙጥኝ ይበል ማለቴ አይደለም። ላሊበላ ሌሊት ማሕሌት ሊሰማ የመጣ ሰው፣ የሚያውቀው ብራንድ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ርቆ ስለሚገኝ ብቻ ርቆ ቢያድር የመጣበትን ነገር ያጣል። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ማየት የሚፈልግም ደሴ ወይም ሐይቅ ከተማ ያድራል እንጂ ሌላ ምርጫ የለውም። ስም አንድ ሆኖ ባለቤቱ የተለያየ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ ሸራተን አዲስ ራሱ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ባለሀብት ንብረት ሆኖ በውጭ ድርጅት ስምና አስተዳደር የሚሠራ ነው። ስለዚህ ደንበኞቼን ሁልጊዜ የምመክራቸው፣ ሁሉንም ማደሪያ ከመያዛቸው በፊት ደውለው «በሌላው ቤታችሁ የተመዘገበው የእንግዳ ማስታወሻ እናንተ ዘንድ ይታያል ወይ?» ብለው እንዲጠይቁ ነው። ከሆቴሉ የሚያገኙት መልስ «አይታይም» ከሆነ በሩ ላይ የተጻፈው ስም ለዚያ ጉዞ ብዙም አይጠቅማቸውም፤ የተሻለውን የአገሬውን ቤት ቢይዙ ይሻላቸዋል። «ይታያል» ከተባሉ ግን ልዩነቱን ከፍለው እዚያው ይቀጥሉ፤ በተለይ አዛውንት፣ ሕመምተኛ ወይም ጨቅላ ልጅ ይዘው ከሆነ።

አስተያየት ሰጪው በአንድ ብራንድ መጓዝ የየከተማውን ባለ ሆቴል ገበያ ያሳጣል ብለው መሥጋታቸውም ተገቢ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደርሶባቸዋል፤ ከዚያ ተነሥቶ ፍራሽና ብርድ ልብስ እንደገና የገዛ ባለ ሆቴል እንግዳው ወደ ትልቅ ስም ሲሄድበት ማየት አልፈልግም። እኔ ግን እንግዳው የሄደው ትልቅ ስም ፈልጎ ሳይሆን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚዘልቅ መስተንግዶ ፈልጎ ነው እላለሁ። ያንን ደግሞ የአገር ሰው ተባብሮ ሊሠራው ይችላል።

ኮምቦልቻና ደሴ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ቆላ ቀመሷ ኮምቦልቻ በአንሶላ ብቻ ያደረ እንግዳ በማግስቱ ደሴ ላይ ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ይደርባል። ይህን እኛ ከልጅነታችን ስለምናውቀው ለእንግዳ መንገር ያለብን ነገር አይመስለንም፤ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ወርዶ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ደሴ የሚወጣው ሰው ግን ማታ ላይ ይንቀጠቀጣል። አንድ የኮምቦልቻ ሆቴልና አንድ የደሴ ሆቴል በስም ባይዋሐዱም ቢስማሙ፣ የታችኛው ለላይኛው «ነገ የሚመጡላችሁ እንግዳ ብርድ አይችሉም፣ ደረጃ አይችሉም፣ ቡናቸውን ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት» ብሎ ለማስተላለፍ የሚያወጣው ወጪ የአንድ ስልክ ጥሪ ብቻ ነው። ይህንኑ ወደ ሰሜን ወልድያና ላሊበላ፣ ወደ ደቡብ ከሚሴና ደብረ ብርሃን ቢዘረጉት፣ መንገዱ ሲከፈትና ጎብኚው ሲመለስ፣ ሰውየው ከአዲስ አበባ እስከ ላሊበላ የሚጓዘው በአንድ ቤት እንግድነት ይሆናል፤ ገቢው ግን የየከተማው ባለቤት ነው።

የኮከብ ደረጃ ይህን አይተካም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ለሆቴሎች ኮከብ መስጠት ሲጀምር ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር፤ ጥቅሙንም አልክድም። ኮከቡ ግን የሚነግረን የአንዱን ሆቴል ይዞታ ነው። ትናንት ማታ በሌላ ከተማ ለእንግዳው ምን እንደተደረገለት፣ ምን እንደጎዳው፣ ምን እንዳስደሰተው ለተረኛው ልጅ አይነግረውም።

እኔ ከዚያ የሐጂ ጉዞ ወዲህ ለእያንዳንዱ ደንበኛዬ የምሞላው የግማሽ ገጽ ወረቀት አለኝ። የሚይዘው ስድስት ነገር ብቻ ነው፦ የክፍሉ ፎቅ፣ የሚወሰድ መድኃኒት አቀማመጥ፣ የምግብ ክልከላና ጾም፣ የሶላት ወይም የጸሎት ሰዓት፣ የአልጋና የብርድ ልብስ ነገር፣ በድንገት የሚጠራ ሰው ስልክ። የሕመምን ነገር ደንበኛው ራሱ ሳይፈቅድ አልጽፍም፤ ጉዞው ሲያልቅም ወረቀቱ እንዲጣል ለሆቴሎቹ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም የሰው ሕመም በየእንግዳ መቀበያው መሳቢያ ውስጥ ሊቀር አይገባም። ወረቀቱን ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት በቴሌግራም እልካለሁ፤ በደረስንበት ቀን ደግሞ አትሜ ለተረኛው በእጁ እሰጣለሁ። አንዳንዱ ሆቴል አንብቦ ይጠብቀናል። አንዳንዱ ጋ ስንደርስ መልእክቱ ገና አልተከፈተም። የሚከፍቱት ቤቶች ከሁለት ሦስት ጉዞ በኋላ የእንግዳውን ስም ሳይቀር ይዘው ይቀበሉናል፤ ደንበኞቼም ሲመለሱ እነዚያኑ ቤቶች ነው የሚጠይቁኝ። አንዱ ወልድያ፣ ሁለቱ ኮምቦልቻ ያሉ ናቸው፤ በስም አይገናኙም፤ ለመንገደኛው ግን እንደ አንድ ቤት ሆነውለታል።

ስለዚህ የተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣ ጋዜጣችሁ ስለ ሆቴሎች በሚጽፍበት ጊዜ ስለ ክፍሉ ስፋትና ስለ ቁርሱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ሁለት ጥያቄ እንዲጨምርልን እለምናለሁ። አንደኛው፣ እንግዳው በስልክ የተናገረው ነገር ከተረኛ ወደ ተረኛ የሚሸጋገርበት መዝገብ አላችሁ ወይ? ሁለተኛው፣ ከእናንተ ዘንድ የሚነሣ እንግዳ በሚቀጥለው ከተማ ለሚያድርበት ሆቴል የምታስተላልፉት ነገር አለ ወይ? የደሴና የኮምቦልቻ ባለ ሆቴሎችም የወረቀቱን ቅጂ ቢፈልጉ ያለ ክፍያ እሰጣለሁ፤ እንደየቤታቸው አሻሽለው ይጠቀሙበት።

ሐጂ ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር። ለመጪው መውሊድ ደሴ መምጣት አስበዋል፤ ጉልበታቸው ከበፊቱ ብሶባቸዋል፤ እንደ ድሮው ዘመድ ቤት ከማስቸገር ሆቴል ማረፍ ይመርጣሉ። ምድር ላይ ያለ፣ ፍሪጅ ያለው ክፍል ለአምስት ሌሊት እየፈለግሁላቸው ነው፤ ያቺ ማተብ ያሰረች ልጅ አሁንም እዚያው ቤት ትሠራ እንደሆነም እንዳጣራላቸው ጠይቀውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስጎብኚ፣ ከኮምቦልቻ